ወፍራም ፊደል በሰርዶ

ፊደልም እንደ ሰው ቀጭንና ወፍራም አለው። ቀጭኑን ለማንበብ ቀረብ፣ ጎንበስ ማለት፣ አንዳንዴም መነጽር መፈለግ ግድ ነው። ወፍራሙ ግን አንባቢውን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ራሱ ሄዶ ይይዘዋል። የቸኮለ፣ የደከመው፣ ለማንበብ ምንም ሐሳብ ያልነበረው ሰው እንኳ ሳይወድ ያነበዋል። በዚህች ጽሑፍ የምናነሣው ይህን ዓይነቱን ነው፤ በተለይም በኮምፓስና በማስመሪያ የተሠራ የሚመስለውን፣ እግሩ ላይ ጫማ አናቱ ላይ ቆብ የሌለውን፣ ፈረንጆቹ ሳን ሰሪፍ የሚሉትን ደንዳና ፊደል። «ምን አገባችሁ? እናንተ ግጥማችሁን ጻፉ» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ እናውቃለን። አገባን እንጂ! ሰርዶ ላይ ለአንድ ጎሚስታ ሰሌዳ ጻፉልኝ ተብለን ሦስት ቅዳሜ የዋልንበት ጉዳይ ነው።

ሰርዶን በመኪና መስኮት ብቻ ለሚያውቋት አንባቢዎች (አብዛኞቻችሁ እንደዚያ ናችሁ፤ አንቀየምም) ጥቂት እንበል። ከሰመራ ተነሥቶ ወደ ዲቾቶና ወደ ጋላፊ የሚሄደው መንገድ ጥቁሩን ድንጋይ እየሰነጠቀ ሰርዶ ይደርሳል። ወደ አፍዴራ የጨው ሐይቅ የሚታጠፈውም ከዚያው ነው። ድሮ ኤንትሬው ወደ አሰብ ይወርድባት ነበር፤ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ደግሞ ሲኖትራኩና ተሳቢው ጅቡቲ ብሎ ያልፍባታል። እንግዲህ ማለፍ ነው፤ ሌላው ያልፋል፣ እሷ ትታለፋለች። ብዙዎቻችን ስሟን ያወቅነው ከሰው አፍ ሳይሆን ከመንገድ ሰሌዳ ነው።

ስሟም ከቤቶቿ ይልቅ ጠንክሮ የቆየ ስም ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ምድር ደጋግማ ተንቀጥቅጣ መንደሪቱ ፈረሰች፤ ሰው ሞተ፣ ግድግዳ ተናደ። ስሙ ግን ካርታው ላይ ቀረ። እንዲያውም ጭራሽ ወፈረ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያጠኑ ሰዎች የሰርዶ መንቀጥቀጥ እያሉ በየመጽሐፋቸው አስገቡታ! ቤት ከሌለው ስምና ስም ከሌለው ቤት የትኛው ይሻላል? ይህን የጠየቀን የሰርዶ ልጅ የሆነው ጓደኛችን ነው። አብረን ቀለም እየበጠበጥን ስለነበር ቀና ብሎ የመለሰለት የለም።

ጎሚስታውን ሁላችንም አባ እያልን ነው የምንጠራቸው። ኮምፕረሰር አላቸው፣ ክሪክ አላቸው፣ የከመነዳሪ ልጣፊ አላቸው፤ የሌላቸው ሰሌዳ ነው። ሌሊት ጎማ የፈነዳበት ሹፌር በራቸውን ሳያይ አልፎ፣ ቸርኬውን አስፋልት ላይ እያስጮኸ ወደፊት ይሄዳል። እሳቸው ደግሞ አልጋቸው ላይ ሆነው ድምፁን ይሰማሉ። «እንጀራዬ ሲያልፍ እሰማዋለሁ» አሉን። «ልጆች፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ የሚጮኽ ጽሑፍ ጻፉልኝ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ሹፌሩ ግን እኔን ሊያነበኝ ይገባል።»

የሚጮኽ ጽሑፍ ፍለጋ ስንነሣ መጀመሪያ ሐሳባችን የሄደው ፈረንጅ አገር ነው። በኮምፓስ ከተሠሩት ፊደሎች አውራው ፉቱራ ይባላል፤ ፓውል ሬነር የተባለ ጀርመናዊ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1927 ፍራንክፈርት ከነበረው ከባወር የፊደል ማምረቻ ወጣ። ጊዜው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው። ሰዉ የድሮው ጌጥ ሁሉ አስጠልቶት፣ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና ካሬ ይበቃናል ያለበት ጊዜ። ሬነር ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ታሰረ፣ ይመራው ከነበረው ትምህርት ቤትም ተባረረ። ፊደሉ ግን እንደ ነዳፊው አንገተ ደንዳና አልሆነም፤ ጌታ አይመርጥም። በኋላ መኪና አሻሻጠ፣ የቤት ዕቃ አሻሻጠ፣ የፊልም ርዕስ ሆነ። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ትቶት የመጣው የብረት ጽላትም የተጻፈው በዚሁ በፉቱራ ነው። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1969፣ በእኛ 1961 ዓ.ም. መሆኑን ልብ በሉልን። በመጋቢት የሰርዶ ግድግዳ ተናደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ማንም በማያልፍበት ቦታ ወፍራም ፊደል ተተከለ። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

ፉቱራን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው አንድ ተንኮል ያገኝበታል። ክቡ እውነተኛ ክብ አይደለም። ለካ የሰው ዐይን የተጋደመን መስመር ከቆመው ይልቅ አወፍሮ ያያል፤ ስለዚህ ነዳፊው የተጋደመውን ጥቂት ያቀጥነዋል። ክብ ፊደል ከካሬው ጎን እኩል ቢቆም ያነሰ ይመስላል፤ ስለዚህ ከመስመሩ ከላይም ከታችም ትንሽ እንዲያልፍ ይደረጋል። ክቡና ቀጥታው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጥቁረት እንዳይጠራቀም ደግሞ መጋጠሚያው ይሸረሸራል። በኮምፓስ ብቻ የተሠራ ወፍራም ፊደል የኮምፓስ ሥራ አይመስልም። ዐይን ታታልላለች፤ ነዳፊውም መልሶ ያታልላታል። እኛ ይህን ጠቃሚ ዕውቀት ይዘን፣ ካርቶን ዘርግተን፣ «ጎሚስታ» የሚለውን ቃል ማወፈር ስንጀምር ጠብ ተነሣ።

ጠቡን ያነሣው አባቱ ቁም ጸሐፊ የሆኑት ጓደኛችን ነው። «የግዕዝ ፊደል አይደልብም!» አለ። «ይህ ፊደል ከብርዕ የተወለደ ነው፤ ብርዑ ሲወርድ ይወፍራል፣ ሲጋደም ይቀጥናል፤ ትንፋሹ እሱ ነው። ሁሉን እኩል ካወፈራችሁት ትንፋሹን ዘጋችሁት። ደግሞስ እኛ አገር ቃል ሲከብር መቼ ይወፍራል? በቀይ ይጻፋል እንጂ።» እውነቱን ነው። የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የአምላክና የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፉም መክፈቻ በቀይ ቀለም ይለያል እንጂ ጸሐፊው ብርዑን ቀይሮ አያደነድነውም። ጥቁሩና ቀዩ በውፍረት አይበላለጡም። እኛ ዛሬ ኮምፒዩተር ላይ «ቦልድ አድርገው» የምንለውን አባቶች በቀለም ቀንድ ነበር የሚጨርሱት።

ነገር ግን ሌላው ጓደኛችን ይሓን አነሣ። ከ2500 ዓመት በላይ ያስቆጠሩት የይሓ የድንጋይ ጽሑፎች በሳባ ፊደል የተቀረጹ ናቸው። ምን ዓይነት ፊደል ነው? ቀጥ ያለ መስመር፣ ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት፣ የተለካ ክብ፤ ጫማ የለ፣ ቆብ የለ። ዐይኑ «ዐ» እዚያ ድንጋይ ላይ ጥርት ያለ ክብ ነው፤ ስሙም ዐይን፣ መልኩም ዐይን። አክሱም ላይ ያለው በ4ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኢዛና ድንጋይ ደግሞ በግሪክ፣ በሳባና በግዕዝ ፊደል አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ለአላፊ አግዳሚ ይናገራል። ይኼ ሰሌዳ ካልሆነ ምን ሰሌዳ አለ? እንግዲህ ብርዕ ሳይመጣ መሮ ነበር። ሬነር ክቡን የፈለሰፈ መስሎት ይሆናል እንጂ እኛ ዘንድ አርጅቶ ነበር ብንል የሚቆጣን ያለ አይመስለንም።

ቀዩን ቀለም ግን ለወጉ ያህል መረመርነው። መንገድ ዳር በቀይ የተጻፉትን አሮጌ ሰሌዳዎች ዞረን ስናይ ጥቁሩ እንዳለ ሆኖ ቀዩ ሐምራዊ፣ አንዳንዱም ጭራሽ ነጭ ሆኗል። የዓፋር ፀሐይ ቀይ ቀለም ላይ አትራራም። የቁም ጸሐፊው ልጅ ሰሌዳዎቹን አይቶ «እሺ፣ ለሰርዶ ብቻ» አለ፤ እንደ ትልቅ ድል ቆጥረነዋል።

እውነተኛው መከራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ላቲኑን የሚያወፍር ሰው ትልቁንም ትንሹንም ፊደል ቢቆጥር ሃምሳ ሁለት ቅርጽ ነው፤ የእኛ 33 በ7 ሲባዛ 231፣ ዲቃሎቹን ሳይጨምር። ቅርጹ ይብዛ፣ ግድ የለም፤ ችግሩ ልዩነቱ የምታርፍበት ቦታ ነው። የግዕዝ ፊደል ዋናው አካል ትልቅ፣ ድምፁን የሚለውጠው ምልክት ግን ትንሽ ነው፤ አንዲት ቅጥያ፣ አንዲት ቀለበት፣ አንዲት መታጠፍ። «ሚ»ን ከ«ሜ» የሚለየው እግሩ ላይ ያለው ነገር ሰረዝ ወይም ቀለበት መሆኑ ብቻ ነው። አካሉን ስታወፍረው ምልክቱም መወፈር አለበት፤ ምልክቱ ሲወፍር ቀለበቱ ይደፈናል፤ ከተደፈነ «ሚ»ና «ሜ» መንታ ሆኑ ማለት ነው። ኮምፒዩተሩም ወፍራም ሆኖ የተነደፈ ፊደል ከሌለው የቀጭኑን ጠርዝ ዙሪያውን ቀብቶ «ቦልድ ነው» ይልሃል፤ ዐይኖቹን ሁሉ ያሳውራቸዋል። ዛሬ እንደ ኖቶ ሳንስ ያሉ ውፍረታቸው በወጉ የተነደፈ የግዕዝ ፊደሎች አሉ፤ በስልካችን አይተን ብዙ ተምረንባቸዋል። ካርቶን ላይ የሚያውለበልበን ግን ብሩሽ እንጂ ስልክ አይደለም።

የመጀመሪያውን ካርቶን ተሸክመን የጨው መኪኖች በሚቆሙበት በኩል አቆምነው። አባ መንገዱን ተሻግረው፣ መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቀው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አዩት። ማንበብ የማይችል ሰው ስለ ፊደል ምን ይፈርዳል ያለ ካለ ይታዘብ። «ይኼኛው» አሉ «ሚ»ን እያመለከቱ፤ «ጎማው ደህና ነው፤ ቸርኬው የለም።» ሁለቱ ቀለበቶች ከሩቅ ድፍን ሆነው ነበር። የፊደል መምህራን በብዙ ገጽ የሚያስረዱትን አባ በጎማ ቋንቋ ጨረሱት፤ ወፍራም ፊደል የሚነበበው በጥቁሩ ሳይሆን በቀዳዳው ነው። ቀዳዳውን ከፍተን፣ ጥቁሩን ወደ ውጭ ገፍተን ሠራነው። ማታ ደግሞ አንዱ ጓደኛችን ከአንድ የጨው መኪና ጋቢና ገብቶ ከወዲያ መጣ፤ ረዳቱ በመብራት አይቶ «ጎሜስታ» ብሎ አነበበ። በነጋታው የ«ሚ» እግር ረዘመ፣ ተቃና፣ ከአካሉም ራቅ አለ። ነጭ ፊደል በጥቁር መደብ ላይ ይሻላል ያልነውም በዚያው ሌሊት ቀረ፤ ነጩ በመብራት ያብጥና ቀዳዳውን ይዘጋዋል። በቢጫ ላይ ጥቁር ሆነ።

በነገራችን ላይ ይህችን መጽሔት በሰም ወረቀት የምታባዙ ጓዶች የቀዳዳን ነገር ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። ርዕሱን በብረት ብዕር ስትቀርጹ «ዐ»ን ጫን ብላችሁ ከዞራችሁት መሐሉ ቦጭ ብሎ ይወድቃል፤ በሚቀጥለው ገጽ የሚወጣው ዐይን ሳይሆን ነቁጥ ነው። ወፍራም ጥቁርማ አይሞከርም፤ ሰሙ ሰፊ ሲከፈት ቀለሙ ይጎርፋል፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። የዚህች መጽሔት ርዕስ ውስጡ ባዶ ሆኖ ጠርዙ ብቻ የሚታየው ለውበት ተብሎ የመሰላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም።

ወደ ሰርዶ እንመለስ። አባ የመረጡት ስም «ዓፋር ጎሚስታ» ነው፤ ከሥሩም ዓፋርኛው በላቲን ፊደል ይጻፍ ተባለ። የዓፋርኛ ጽሕፈት መንገድ ራሱ ረጅም ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ዓፋርኛ ነበር፤ ያኔ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። በላቲን የሚጻፈውን ደግሞ ዲሚስና ሬዶ የተባሉ የዓፋር ሰዎች በዚያው ዘመን አካባቢ አዘጋጁት፤ ዛሬ ክልሉ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስተምርበት እሱን ነው። ላቲን ለዓፋርኛ ድምፆች የሚሆን ፊደል ስለሚያንሰው ሥራ ያልነበራቸውን ሥራ ሰጧቸው፤ ሲ የተባለችው ለ«ሐ»፣ ኤክስ ለዚያ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ ለሚወጣው «ድ»፣ ኪው ደግሞ ለጉሮሮው «ዐ»። ስለዚህ «ዓፋር» በላቲን ሲጻፍ በኪው ይጀምራል። የውጭ ሰው ያየና «ቃፋር» ብሎ ያነባል፤ የሰርዶው ጓደኛችን ይህን ስንት ጊዜ እንዳረመ ቆጥሮ አይጨርሰውም።

ጓደኛችን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ እኩል ይወፍር። መንገድ ዳር ያሉ ሰሌዳዎችን አይታችኋል? አማርኛው ደልቦ፣ እንግሊዝኛው ደልቦ፣ ዓፋርኛው ከታች ቀጥኖ እንደ ግርጌ ማስታወሻ የተጻፈበት ሞልቷል። ማንም ሆን ብሎ አላደረገው ይሆናል፤ ቦታ ጠቦ ይሆናል። የገዛ ቋንቋው በገዛ መንደሩ ቀጥኖ ሲያየው ግን ሰው ምክንያት አይጠይቅም። ደንዳናው ፊደል እዚህ ላይ ነው የረዳን። በብርዕ የተጻፈ ግዕዝና በብርዕ የተጻፈ ላቲን ማስተካከል አስቸጋሪ ነው፤ የብርዑ አያያዝ ይለያያል። ሁለቱም እኩል መስመር ሲሆኑ ግን አንድ ብሩሽ ለሁለቱም ይበቃል። ክቡን የሠራነው አባ ዘንድ ከነበረ የባጃጅ ቸርኬ ላይ ነው። ቸርኬውን ላሜራው ላይ አስተኝተን ዙሪያውን አሰመርን፣ ከሥሩ መሐል ላይ አንድ እግር አቆምን፤ «ዓ» ሆነ። ዝቅ ብለን ያንኑ ቸርኬ እንደገና አሰመርን፣ በቀኝ በኩል ከሥሩ ጅራት አወጣን፤ ኪው ሆነ። ሁለት ዐይን አንዱ ባንዱ ላይ፣ ከአንድ ቸርኬ። የቁም ጸሐፊው ልጅ ሳይቀር ዝም ብሎ አየው። ይህን ማንም ነድፎ አላመጣብንም፤ ድምፁም አንድ፣ ክቡም አንድ ሆኖ ተገኘ። (እውነቱን ለመናገር ክቡን ከላይና ከታች በግማሽ ጣት ሸርሸር አድርገነዋል፤ ሬነር አልሞተም።)

ላሜራው ከየት መጣ? የዚህ ጽሑፍ ዕዳ እሱ ነው። አዲስ ላሜራ መግዣ ስላልነበረን አባ አንድ የወደቀ ሰሌዳ አሳዩን። ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ ነፋስ የጣለው፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ የውኃ ፕሮጀክት ሰሌዳ ነው። የባለቤቱን ስም አንጠራም። ፊደሉ ምን ዓይነት ይመስላችኋል? ደንዳና፣ ክብ፣ ጫማ የሌለው፤ የእኛን የመሰለ፣ እንዲያውም ከእኛ የተሻለ የተነደፈ። ከሰሌዳው አጠገብ አንድ የቧንቧ ማቆሚያ አለ፤ ጠብታ የለውም። ወፍራም ፊደል ከማይኖሩበት ቦታ ለሚናገሩ ሰዎች እንዴት እንደሚስማማ ያን ጊዜ ገባን። እጅ አይታይበትም፤ ማን እንደጻፈው፣ ሲጽፍ እጁ ይንቀጥቀጥ፣ ይርጋ፣ ይፈር አይታወቅም። የብርዕ ጽሑፍ ሰውየውን ያጋልጣል፤ ይኼ ይሸፍነዋል።

እኛ ጀርባውን ብቻ እንጠቀምበትና ፊቱን እንዳለ እንተወው፣ አላፊው ያንብብና ይፍረድ አልን። ተማሪ እንዲህ ዓይነት ነገር ይወዳል። አባ ግን አልተስማሙም። «ሰው ግመሉን ይዞ ከሩቅ ይመጣል፤ ልጁ ተምሮ ከሆነ ያነብለታል። ውኃ የሌለበት ላይ ውኃ ብሎ የሚናገር ነገር በሬ ላይ አላቆምም። አጥፉት።» መልስ አላገኘንለትም፤ አሁንም የለንም።

ስለዚህ ሦስተኛው ቅዳሜ ያለቀው በመጻፍ ሳይሆን በማጥፋት ነው። ፊቱን ቢጫ ቀባነው፤ ሲደርቅ ጥቁሩ ከሥር ወጣ። ደገምነው፤ ወጣ። ሠለስነው። አሁን ሰሌዳው ቆሟል፤ ከጋላፊ በኩል ለሚመጣው «ዓፋር ጎሚስታ» ይላል፣ ከሰመራ በኩል ለሚመጣው ደግሞ ባዶ ቢጫ ነው። ጠዋትና ማታ ማለታችን ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ስትሆን ግን «ውኃ» የሚለው ቃል ከሦስት ቀለም በታች ሆኖ አሁንም ይነበባል። ለአራተኛው ቅብ ገንዘብ እያዋጣን ነው፤ ሰፋ ያለ ብሩሽ ያለው ተማሪ ካለ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ይንገርልን።